ሳቅና ዝማሜ
ስለ አለቃ ገብረ ሐና ሁለት ዝናዎች

የሰው ልብ የሥራውን ፍሬ ከመመርመሩ አስቀድሞ የጭብጨባውን ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ብዙ ሰው ያደነቀው ሁሉ መልካም፥ ጥቂት ሰው የተቀበለው ሁሉ ከንቱ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ዛሬ የተጀመረ አለመሆኑን በጣና ሐይቅ ዳር የተወለደ የአንድ ሊቅ ታሪክ ይመሰክራል።

አለቃ ገብረ ሐና በ1814 ዓ.ም. ገደማ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ እንደ ተወለዱ ይነገራል። ቅኔን በጎጃም ተምረው በጎንደር ትምህርታቸውን አስፋፍተው በዚያው በበአታ ለማርያም አለቅነት ተሾሙ፤ የፍትሐ ነገሥት ዐዋቂነታቸውም የተመሰከረ ነበረ። ሕዝቡ ግን ከዚህ ሁሉ ዕውቀት መርጦ የያዘላቸው ቀልዳቸውን ነው። ቀልዳቸው ከጎንደር እስከ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተሰማ። ውሎ አድሮም ሌላ ሰው የተናገረው ቀልድ ሁሉ በእርሳቸው ስም ይጠራ ጀመር፤ ዛሬ በስማቸው ከሚነገረው የትኛው የእርሳቸው እንደ ሆነ መለየት አስቸጋሪ ነው። ዝና እንደ ክረምት ጎርፍ ነውና የራሱ ያልሆነውንም ግንድ ጠርጎ ይወርዳል።

ታላቁ ሥራቸው ግን ሌላ ነው። ሊቃውንት ሲወርድ ሲዋረድ እንደሚተርኩት፥ አለቃ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት (1847–1860 ዓ.ም.) ከንጉሡ ጋር ባለመስማማታቸው ከጎንደር ወጥተው በጣና ደሴት፥ የዐፄ ሠርፀ ድንግል መቃብር ባለባት በሬማ መድኃኔ ዓለም ተቀመጡ። በዚያም ማዕበሉ ወደ ዳር መጥቶ ሲመለስ፥ ደንገሉም ከነፋስ ጋር አዘንብሎ ሲቃና እየተመለከቱ፥ መቋሚያ የያዘ ካህን ሰውነቱን ከዜማው ጋር የሚያስማማበትን የዝማሜ ሥርዓት አወጡ።

ይህንንም ለጎንደር ሊቃውንት ባቀረቡት ጊዜ፥ እነርሱ የቆየውን ሥርዓት መርጠው አልተቀበሉትም ይባላል። እንግዲህ ሕዝቡ በቀልዳቸው ከፍ ከፍ አደረጋቸው፤ ሊቃውንቱ ግን ሥራቸውን መለሱባቸው። የብዙዎቹ ሳቅም የታላላቆቹ ፍርድም የሥራውን ልክ አልመዘነም። አለቃ ግን በሚወደድላቸው ቀልድ ብቻ ረክተው አልቀሩም፤ ሥርዓቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌም በደብረ ታቦር ለደቀ መዛሙርት አስተማረ፤ ሥርዓቱም «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ እስከ ዛሬ በማኅሌት ይዘመማል። ከሺህ ሳቂ ይልቅ አንድ ተማሪ ሥራውን አኖረው።

በዘመናችን ይኸው ፈተና ገንዘብ ተጨምሮበታል። በባሕር ዳር ሐይቁን እያየ በስልኩ ምስል የሚቀርጽ ወጣት፥ ሥራው የሚመዘነው በወደዱትና በተመለከቱት ሰዎች ቍጥር መሆኑን ያውቃል። ዩቲዩብ የማስታወቂያውን ገቢ ለባለ ሥራው ለማካፈል ከሚያስቀምጣቸው መለኪያዎች አንዱ 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ሥራ ነው። ሰዓቱ ይቈጠራል፤ ተመልካቹ የቆየው በመማር ይሁን በመዘበት ግን ቍጥሩ አይለየውም። ስለዚህ ዓመታት የፈጀ ጥናት ከአንድ ደቂቃ ቀልድ ያነሰ ዋጋ ቢያገኝ አያስደንቅም።

ሳቅ ግን ነውር አይደለም፤ የአለቃ ቀልድም ብዙ ያዘነ ልብ አጽናንቷል። በቅኔ ማሕሌት «ይበል! ይበል!» የሚለው ድምፅም ባለ ቅኔውን ያበረታዋል። ነገር ግን ሰሙንና ወርቁን የሚመረምር፥ የጐደለውንም የሚያቀና መምህሩ ነው፤ ይበል ባዩ በበዛ ቍጥር የተሰበረ ቤት አይቃናም።

እንግዲህ ሥራውን ሊመዝን የሚወድ ሰው፥ ስንት ሰው እንዳጨበጨበለት ብቻ አይጠይቅ። ከእርሱ ተምሮ ለሌላ የሚያስተምር አንድ ሰው እንዳለው ይጠይቅ። የአለቃን ሳቅ ያወራ ትውልድ አልፏል፤ ማዕበሉን አይተው ያወጡት ዝማሜ ግን ዛሬም ከተማሪ ወደ ተማሪ ይሻገራል።