ከእንቅስቃሴ ጠቋሚ መሣሪያ ጋር የሚስማሙ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች አመራረጥ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕንፃዎች ውስጥ ኮሪደሮች፣ ደረጃዎች፣ መጸዳጃ ቤቶችና መጋዘኖች ሰው ባይኖርባቸውም ከጠዋት እስከ ማታ መብራት ሲበራባቸው መመልከት የተለመደ ነው። ይህን ብክነት ለመቀነስ ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ የሰው እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ መብራት የሚያበራ ጠቋሚ መሣሪያ ወይም ሴንሰር መግጠም ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚጠበቅበትን ውጤት የሚሰጠው ከተስማሚ አምፖል ጋር ሲጣመር በመሆኑ፣ ግዥ ከመፈጸሙ በፊት የሁለቱንም ባህርይ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

በስፋት የሚሠራበት ጠቋሚ ከሰው ገላ የሚወጣውን ሙቀት እንቅስቃሴ የሚለይ ሲሆን፣ ከመስተዋትና ከግድግዳ ባሻገር ያለውን አይለይም። ወደ እርሱ በቀጥታ ከሚመጣ ሰው ይልቅ ከፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን በተሻለ ሁኔታ ይለያል። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የሚሠራ ሰው ያለበትን ክፍል ባዶ እንደሆነ ሊቆጥር ስለሚችል፣ ከሥራ ክፍሎች ይልቅ ለመተላለፊያ ቦታዎች ይመረጣል። በማይክሮዌቭ የሚሠራው ዓይነት በአንጻሩ ስስ ግድግዳንና መስተዋትን አልፎ ስለሚለይ፣ በአጎራባች ክፍል በሚደረግ እንቅስቃሴ ጭምር መብራት ሊያበራ ይችላል።

ከአምፖሎች መካከል የቀድሞው ባለ ክር አምፖል ወዲያውኑ የሚበራ ቢሆንም፣ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጣል። በአንድ ዋት የሚሰጠው ብርሃን ከ10 እስከ 15 ሉመን ገደማ ብቻ ነው። ኮምፓክት ፍሎረሰንት አምፖል በአንድ ዋት ከ50 እስከ 70 ሉመን የሚሰጥ ሲሆን፣ ኤል ኢ ዲ አምፖል ከ80 እስከ 150 ሉመንና ከዚያም በላይ ይሰጣል።

ኮምፓክት ፍሎረሰንት አምፖል ሙሉ ብርሃኑን ለመስጠት ጊዜ ይወስድበታል። በየጊዜው ሲበራና ሲጠፋም ዕድሜው በእጅጉ ያጥራል። ስለሆነም በቀን ብዙ ጊዜ ለሚያበራና ለሚያጠፋ ጠቋሚ ተስማሚ አይደለም። ከዚህም በላይ በውስጡ ሜርኩሪ ያለው በመሆኑ፣ የሜርኩሪን አጠቃቀም የሚመለከተው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እስከ 30 ዋት የሆኑ ባላስታቸው አብሮ የተሠራ ኮምፓክት ፍሎረሰንት አምፖሎችን ማምረትና በንግድ ማዘዋወር እ.ኤ.አ. በ2025 እንዲያበቃ በ2022 ወስነዋል። ለግቢና ለአዳራሽ የሚውሉት የሶዲየምና የሜታል ሃላይድ መብራቶች ደግሞ አንዴ ከጠፉ በኋላ እንደገና ለመብራት በርካታ ደቂቃዎች ስለሚወስድባቸው ከጠቋሚ ጋር ሊገጠሙ አይገባም።

ኤል ኢ ዲ አምፖል ወዲያውኑ የሚበራና መብራት መጥፋቱ ብዙም የማይጎዳው በመሆኑ ለዚህ አገልግሎት ቀዳሚ ምርጫ ነው። ያም ሆኖ ሁለት ጉዳዮች ሊጤኑ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ያለ ኒውትራል ሽቦ በሁለት ሽቦ ብቻ የሚሠራ ጠቋሚ ጥቂት ኃይል በአምፖሉ በኩል ስለሚያሳልፍ፣ ኤል ኢ ዲ አምፖሉ ጠፍቶ እያለ በደብዛዛው ሊበራ ወይም ብልጭ ድርግም ሊል መቻሉ ነው። ኒውትራል የሚገባበት ጠቋሚ ይህን ችግር ያስወግዳል። ሁለተኛው፣ በርካታ ኤል ኢ ዲ አምፖሎች በአንድ ጊዜ ሲበሩ ለቅጽበት ከፍተኛ ኃይል ስለሚስቡ የጠቋሚው ሪሌ ሊጣበቅ ይችላል። በመሆኑም አንድ ጠቋሚ የሚሸከመው መጠን ለኤል ኢ ዲ ተለይቶ የተገለጸ መሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

የሚገኘውን ቁጠባ በቀላል ስሌት መመልከት ይቻላል። በቀን 12 ሰዓት የሚበሩ 20 ባለ 36 ዋት የፍሎረሰንት ቱቦዎች ያሉት ኮሪደር ቢኖር፣ እያንዳንዱ ከነባላስቱ 45 ዋት ቢወስድ የቀኑ ፍጆታ 10.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ቱቦዎቹ በባለ 18 ዋት ኤል ኢ ዲ ቢተኩ ፍጆታው ወደ 4.32 ይወርዳል። እያንዳንዳቸው 1 ዋት የሚወስዱ አምስት ጠቋሚዎች ተጨምረው መብራቱ በቀን 4 ሰዓት ብቻ ቢበራ፣ የጠቋሚዎቹ ፍጆታ ተደምሮ 1.56 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም በ260 የሥራ ቀናት 2 ሺህ 400 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቁጠባ ያስገኛል።

ከስሌቱ መረዳት እንደሚቻለው አብዛኛው ቁጠባ የተገኘው አምፖሉን በመቀየር ነው። አንድ ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል ብቻ ባለበት ጠባብ ክፍል ጠቋሚ መግጠም የመሣሪያውን ዋጋ ላይመልስ ይችላል። በጀቱ ውስን ከሆነ አምፖሎቹን አስቀድሞ መተካት፣ ጠቋሚውን ደግሞ ብዙ አምፖሎች በአንድነት በሚበሩባቸውና ሰው አልፎ አልፎ በሚገባባቸው ቦታዎች መግጠም ይመረጣል።

በደረጃዎች ላይ የሰው ደህንነት ከቁጠባ ይቀድማል። ጠቋሚው ሰው የመጀመሪያውን ደረጃ ከመርገጡ በፊት እንዲለየው ሆኖ መተከልና መብራቱ ሰው ከማለፉ በፊት እንዳይጠፋ ማቆያ ጊዜው በበቂ ሁኔታ መስተካከል ይኖርበታል። የአደጋ ጊዜ መውጫ መብራቶች ከጠቋሚ ጋር መያያዝ የለባቸውም።

የግዥ ክፍሎች በጨረታ ሰነድ ላይ የአምፖሉን ዋትና ሉመን፣ ስንት ጊዜ መብራትና መጥፋት እንደሚችል፣ የጠቋሚውን የኤል ኢ ዲ የመሸከም አቅምና የኒውትራል አስፈላጊነት ቢያሰፍሩ፣ በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ተመርጠው ከጥቂት ወራት በኋላ የሚበላሹ ዕቃዎች ከሚያስከትሉት የሕዝብ ገንዘብ ብክነት መዳን ይቻላል። ሙሉ ግዥ ከመፈጸሙ በፊትም የተመረጠውን አምፖልና ጠቋሚ በአንድ ኮሪደር ላይ አጣምሮ መሞከር ጠቃሚ ነው።