ከጣና ዳርቻ እስከ ሰሜን ተራሮች፦ ሦስት የአየር ጠባይ የሚያቋርጠው መንገድ

ጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ከጎርጎራ ተነስቶ በጎንደር በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ጉዞ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። በመካከሉም ወይና ደጋን፣ ደጋንና ውርጭን ያቋርጣል።

ከጎርጎራ እስከ ጎንደር

ጎርጎራ አጼ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት፣ ጥንታዊቷ ደብረ ሲና ማርያምም የምትገኝበት ሥፍራ ነው። በቅርቡም በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ለምቷል። ከዚያ ተነስቶ የደንቢያን ሜዳ የሚያቋርጠው መንገድ በቆላድባና በአዘዞ አድርጎ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ይገባል። ሜዳው ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር ነው።

ጎንደርን አጼ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም ቆረቆሯት። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማውን እንደለቀቁ በሸክላ ሥራዋ የምትታወቀው ወለቃ ትገኛለች። ቀጥሎ ኮሶዬ ላይ መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ቆላው ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት ጤፉ ለገብስ፣ ለስንዴ፣ ለባቄላና ለድንች ቦታውን ይለቃል።

የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ደባርቅ 2 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ያመራል። ሁለተኛው ወደ ፓርኩ ይወጣል።

ከደባርቅ እስከ ቧሂት

ይህ መንገድ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ቧሂት ተራራ ጥግ ይደርሳል። በዳር በዳሩ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሣር ሲነጭ ይታያል። ከፍ ሲሉ አስታው እየሳሳ ጅብራ ይተካዋል። ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በየትም የማይገኘው ዋልያ ብዙ ጊዜ የሚታየው በጨነቅ ገደላ ገደሎች ነው።

አንድ መንገድ፣ ሁለት ጥቅም

መንገዱ የጎብኚ ብቻ አይደለም። ቧሂትን ተሻግሮ ወደ መካነ ብርሃን ስለሚወርድ፣ ለጃናሞራ አርሶ አደር የገበያና የሕክምና መንገድ ነው። ይሁን እንጂ የዱር እንስሳቱን መኖሪያ ሰንጥቆ ያልፋል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የዋልያና የቀይ ቀበሮ መመናመን፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ እንዲሁም የመንገድ ሥራ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። ለዚህም የፓርኩ ወሰን ሰፍቷል፤ ተሽከርካሪን ከፓርኩ ውጭ የሚያሳልፍ አማራጭ መንገድ ተጀምሯል፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። የፓርኩ ደኅንነት የአካባቢውን ሕዝብ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዋጋ የከፈለው ሕዝብ የሚካሰው ከጎብኝው በሚያገኘው ገቢ ነው። አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ አከራዩ ኑሯቸው በዚህ መንገድ ላይ የተመሠረተ ነው። በጸጥታ ችግር የጎብኚ እግር ሲቀንስ በመጀመሪያ የሚጎዱትም እነርሱ ናቸው።

ለመንገደኛ

ምድሩ ለምልሞ ሰማዩ የሚጠራው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። በክረምት ጉም ዕይታን ይጋርዳል፤ ጭቃም መንገዱን ያከብዳል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። ወደ ፓርኩ ከመግባት በፊት ደባርቅ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ክፍያ መፈጸምና ስካውት መያዝ ግድ ነው። የመንገዱንና የአካባቢውን ወቅታዊ ሁኔታ አስቀድሞ ማጣራትም ይገባል። በድንገት ወደ ከፍታ መውጣት ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ሊያስከትል ስለሚችል፣ ደባርቅ አንድ ሌሊት አድሮ መውጣት ይመከራል።