ክንድ ወይስ ጣት? የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያና የተዘነጋው ተጫዋች

አስቀድሜ ወገኔን ላሳውቅ። የፈተና ወረቀት አርሜ ስጨርስ ሌሊቱን ከኮንሶል ጋር የማሳልፍ፣ በአውራ ጣቱ ቁልፍ እየተጫነ ያደገ ሰው ነኝና ፍርዴ ከአድልዎ የጸዳ ነው ብዬ አልከራከርም። ቢሆንም የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ ለቀንደኛ የቪዲዮ ጌም ተጫዋቾች ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለውን ሙግት በታሪኩ በኩል ማየት ይበጃል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ማቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1989 «ፓወር ግላቭ» የተሰኘ ጓንት ለኒንቴንዶ ኮንሶል አቅርቦ ነበር፤ ጓንቱ የእጅን እንቅስቃሴ በትክክል መከተል ስላቃተው ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ወጣ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ2006 ነው። የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሳቶሩ ኢዋታ፣ ጌምኪዩብ በፕሌይስቴሽን 2 ክፉኛ መበለጡን አይተው፣ በማሽን ኃይል ከመፎካከር ይልቅ ጌም ነክቶ የማያውቀውን ሕዝብ ለመጥራት ወሰኑ። ዊ ተወለደ። አያት ከልጅ ልጇ ጋር ቴኒስ ተጫወተች፤ ጌምኪዩብ ወደ 21.7 ሚሊዮን ሲሸጥ ዊ 101.6 ሚሊዮን ደረሰ።

ለመሆኑ ቀንደኛው ተጫዋች ለምን አኮረፈ? ከሶፋው መነሣት ስለሰነፈ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። በዚያው ዓመት የወጣውን «ትዋይላይት ፕሪንሰስ» እንመልከት። ጌሙ የተጀመረው ለጌምኪዩብ ሲሆን ጀግናው ሊንክ ግራኝ ነበር። ወደ ዊ ሲዛወር ግን አብዛኛው ሰው የሚወዘውዘው በቀኝ እጁ ነው ተብሎ ዓለሙ በሙሉ እንደ መስተዋት ተገለበጠ፤ ምሥራቁ ምዕራብ ሆነ! ይህ ሁሉ ተደርጎ የተገኘው ምንድን ነው? በመቆጣጠሪያው ውስጥ የነበረው አክሰለሮሜትር መወዝወዙን እንጂ ሰይፉ ከየት ወደ የት እንደተሰነዘረ አጥርቶ አይለይም ነበር። ተጫዋቹ ክንዱን በሙሉ ወርውሮ የሚያገኘው ቀድሞ በአንድ ቁልፍ ያገኘው የነበረውን ምት ነው። ቀንደኛው የተቆጣው ልፋቱና ውጤቱ ስላልተመጣጠኑ ነው።

ኒንቴንዶ ጉድለቱን ያውቅ ነበር፤ በ2009 ጋይሮስኮፕ ያለው ሞሽንፕላስ የተባለ ተቀጥላ አወጣ። በ2011 የወጣው «ስካይዋርድ ሶርድ» በዚሁ ምክንያት የሰይፉን አቅጣጫ ለይቶ ያውቃል። ያም ሆኖ በ2021 ለስዊች ተሻሽሎ ሲታተም ያለ ውዝዋዜ መጫወት የሚያስችል አማራጭ ተጨመረለት።

የማይክሮሶፍት ጥፋት ከዚህ የከፋ ነበር። ኪኔክት በ2010 ሲወጣ በ60 ቀን 8 ሚሊዮን ቢሸጥም፣ ኩባንያው ይህን የሞቅታ ድል እንደ ቋሚ ድጋፍ ቆጠረው። በ2013 ኤክስቦክስ ዋን በየካርቶኑ ካሜራውን ይዞ በ499 ዶላር ቀረበ፤ ፕሌይስቴሽን 4 ዋጋው 399 ነበር። ከላይ የተጫነ ለውጥ ምን እንደሚገጥመው ለእኛ አገር አንባቢ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። በሰኔ 2014 ኮንሶሉ ያለ ኪኔክት በ399 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ ለኪኔክት ተይዞ የነበረው የግራፊክስ ኃይልም ለጌም ሠሪዎች ተለቀቀ። ቀንደኛው ተጫዋች ላልፈለገው ካሜራ ከኪሱም ከማሽኑም ሲገብር ኖሯል ማለት ነው።

ኒንቴንዶም ቢሆን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሆነ። ለቴኒስ የመጣው ሕዝብ ለቀጣዩ ኮንሶል አልተመለሰም፤ በ2012 የወጣው ዊ ዩ 13.56 ሚሊዮን ላይ ቆመ።

የሚገርመው ግን እርቁ የመጣው በዚሁ በወደቀው ኮንሶል ላይ መሆኑ ነው። በ2015 የወጣው «ስፕላቱን» ሰፊውን ዒላማ በአውራ ጣት፣ ረቂቁን ደግሞ በእጅ አንጓ ጥቂት ዘንበል በማድረግ ያስተካክላል። ውዝዋዜ የለም፤ ቁልፎቹም አልተነሡም፤ ያልወደደው ያጠፋዋል። እኔም በመጀመሪያው ምሽት አጥፍቼው ነበር። በሳምንቱ መልሼ ከፈትሁት፤ አሁን ያለ እርሱ ዒላማ መምታት አቅቶኛል።