ፖል ፈንተነር ቫን ቭሊሲንገን

ፖል ፈንተነር ቫን ቭሊሲንገን (1941–2006፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሆላንዳዊ ባለሀብት፣ የኤስኤችቪ ኩባንያ መሪና «አፍሪካን ፓርክስ» የተባለውን ድርጅት በ2000 ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። ስማቸው የሚነሣው ከገንዘባቸው ይልቅ በመሬት ላይ ባደረጉት ስምምነት ነው። በስኮትላንድ ደጋ የነበራቸውን ሰፊ የሌተርዌ ርስት በሚመለከት በ1993 ከእግረኛ ተጓዦችና ከተራራ ወጪዎች ማኅበራት ጋር ተደራድረው፣ ሕዝቡ በርስቱ እንደልቡ እንዲያልፍ፣ ተጓዡም በአጋዘን አደን ወቅት አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ተስማሙ። ሕግ ሳያስገድዳቸው ያደረጉት በመሆኑ ሊመሰገኑበት ይገባል።

በኢትዮጵያ የሆነው ግን ሌላ ነው። ድርጅታቸው የነጭ ሣር ፓርክን ለማስተዳደር ከመንግሥት ጋር ሲዋዋል፣ በ2004 የኮሬ ገበሬዎች ከፓርኩ ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ፤ የጉጂ አርብቶ አደሮችም ከግጦሻቸው እንዲለቁ ተገፉ። ሰፈራው የመንግሥት ሥራ እንጂ የድርጅቱ አይደለም የሚል መከራከሪያ አለ፤ እውነትነት አለው። ሆኖም ሰው የተነሣበትን መሬት የሚረከብ ወገን ከጉዳዩ ውጭ ነኝ ሊል አይችልም። የስዌይን ቆርኬ የተባለው የዱር እንስሳ ከፓርኩ ሜዳ ሊጠፋ መቃረቡም ቀላል ስጋት አልነበረም፤ ግን ስጋቱ የሌተርዌውን ዓይነት ድርድር ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም። በሌተርዌ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠው መንገደኛ ነበር፤ በነጭ ሣር ባለመሬቱ ራሱ ቦታ አላገኘም። ድርጅቱ ከኢትዮጵያ እንደሚወጣ ያስታወቀው መሥራቹ ካረፉ በኋላ፣ በ2007 መጨረሻ ነው።