የግሱ ባለቤት ማን ነው?

የማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ ቶንጎ ለሱዳን ወሰን ቅርብ ናት። በርታውም ኮሞውም ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም ዘመድ አለው። መስመሩን ያሰመረው ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ውል ነው። ዛሬ ለሥራ ወይም ለኑሮ ወደ ጎረቤት አገር ሊሻገር የሚነሳ ሰው ቪዛ፣ ይለፍ፣ ፈቃድ፣ ኢቃማ ይጠየቃል። ቃላቱ ሁሉ ከግስ የወጡ ናቸውና ሥራቸውን ስመረምር ደጋግሜ የምጠይቀው የግሱን ባለቤት ነው። የሚያየው፣ የሚያልፈው፣ የሚፈቅደው ማን ነው?

ቪዛ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። ሙሉ ስሙ «ካርታ ቪዛ»፣ የታየች ወረቀት ማለት ነበር። ያያት ሹሙ ነው፤ መንገደኛው በቃሉ ውስጥ የለም። ዐረብኛው «ተእሺራ» ምልክት ማድረግን ይናገራል፤ ምልክቱን የሚያደርገውም ያው ሹም ነው።

«ይለፍ» የራሳችን ነው፤ ሰዋስዉም ልብ ሊባል ይገባዋል። መንገደኛውን የሚያነጋግር ቃል ቢሆን «እለፍ» ይል ነበር። «ይለፍ» ስለ እሱ ለኬላ ጠባቂው የሚነገር ትእዛዝ ነው። ፓስፖርቱ የጠፋበት ሰው ኤምባሲ ሄዶ የሚያወጣው ሊሴ ፓሴም በፈረንሳይኛ «ተዉት፣ ይለፍ» ማለት ሲሆን፣ የሚያዘው ጠባቂዎቹን ነው። ሁለት ዝምድና የሌላቸው ቋንቋዎች ሰውየውን በእጁ በያዘው ወረቀት ላይ ሦስተኛ አካል አድርገውታል። የግእዙ ሥር «ኀለፈ» ነው፤ ዐረቦች «ኸሊፋ»፣ ተተኪ፣ የሚሉትም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ «ፈቃድ» ነው። በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ፈለገ፣ ወደደ ነው። የፈቃዱ ባለቤት የሚፈልገው ሰው ራሱ ነበር። አማርኛችን ይህን ትርጉም ጨርሶ አልጣለውም፤ «በገዛ ፈቃዱ» እንላለን፣ «ፈቃደኛ» እንላለን። ግን «መኖሪያ ፈቃድ»፣ «የሥራ ፈቃድ» ስንል ፈቃዱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተሻግሯል። ሰውየው ፈላጊ ሆኖ ሳለ ፈቃዱን ሌላ ሰው ይሰጠዋል፣ ያድስለታል፣ ይነጥቀዋል። በደርግ ዘመን ከገዛ አገር ለመውጣት እንኳ የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ «በገዛ ፈቃዱ ሄደ» እና «ያለ ፈቃድ ሄደ» የሚሉት ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ጉዞ ሲነገሩ ሁለቱም እውነት ይሆናሉ። ይህ የትርጉም ሽግግር ሕጉ በሰው ላይ ያደረገውን በቃሉ ላይ ያሳየናል ብዬ አምናለሁ።

ኢቃማን ሱዳንና ሳዑዲ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ዐረብኛው «አቃመ» አቆመ፣ ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው፤ ሥሩም የእኛው «ቆመ» ነው። ቁመት፣ አቋም፣ «ቋሚ ነዋሪ» ስንል ያለው «ቋሚ» የኢቃማ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። አሶሳ ያለ ሙስሊም ደግሞ ሰው ለሶላት ሊቆም ሲል የሚሰማው ሁለተኛ ጥሪ ኢቃማ መሆኑን ከልጅነቱ ያውቃል። እዚህ ላይ የግሱ ባለቤት ቋሚው ሰው ራሱ ነው፤ ከእነዚህ ቃላት ሁሉ ለሰው ክብር የሰጠው ይህ ነው። ሆኖም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የከፋላ ሥርዓት ኢቃማውን ከአሠሪው፣ ከ«ከፊሉ»፣ ጋር አሰረው። ከፊል ዋስ ማለት ነው። ከዋሱ ቤት የወጣች ሠራተኛ በአገሩ የመቆም መብቷን ታጣ ነበር።

ቪዛ ሳይጠየቅ የሚሻገርም አለ። በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ በሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት ሲነሳ የሸሹትን ያስጠለለ ካምፕ ቶንጎ ላይ ተከፍቶ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ውጊያ ከተከፈተ በኋላም ብዙዎች በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። እኛ «ስደተኛ» እንላቸዋለን። «ሰደደ» በአማርኛ ደብዳቤም ሰውም ላከ ማለት ነው፤ በግእዝ ግን አባረረ ነው። የግሱ ባለቤት ያባረረው ሆኖ ይቀራል፣ ተባራሪው በደረሰበት አገርም በአባራሪው ግስ ይጠራል። እነሱ በዐረብኛ ራሳቸውን የሚጠሩት «ላጂእ» ብለው ነው፤ መጠጊያ የፈለገ፣ የተጠጋ ማለት ነው።