የድረ-ገጽ ማስታወቂያዎችን በፒዲኤፍ በራስ-ሰር ስለማስቀመጥ

በድረ-ገጽ የሚወጣ የጨረታ፣ የክፍት የሥራ መደብ ወይም የምዝገባ ማስታወቂያ ሊሻሻል ወይም ሊነሳ ስለሚችል፣ ጉዳዩን የሚከታተል ተገልጋይ ቅጂውን በፒዲኤፍ ቢይዝ ይመረጣል።

ለአንድ ገጽ በክሮም ወይም በኤጅ ማሰሻ ላይ የኮንትሮልና የፒ ቁልፎችን በአንድነት ተጭኖ፣ በአታሚው ምትክ ፒዲኤፍን መምረጥ በቂ ነው። የራስጌና የግርጌ ምርጫው ሲበራ ቀኑና የገጹ አድራሻ አብረው ይሰፍራሉ፤ ቀን የሌለው ቅጂ መቼ እንደተወሰደ ማስረዳት ያስቸግራል።

በየዕለቱ ለሚታይ ገጽ ግን ሥራውን ለኮምፒውተሩ መተው ይቻላል። ክሮም ሄድለስ በተባለው አሠራሩ መስኮት ሳይከፍት፣ በትእዛዝ ብቻ ገጹን ወደ ፒዲኤፍ ይለውጣል። ትእዛዙ በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ላይ ከነሰዓቱ ይመዘገባል። የፋይሉ ስም ቀኑን ካላካተተ አዲሱ ቅጂ የትናንቱን ይተካዋል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው በይለፍ ቃል የሚገባበት ገጽ ነው። በትእዛዝ የሚከፈተው ማሰሻ ተገልጋዩ ቀድሞ መግባቱን ስለማያውቅ፣ የሚያስቀምጠው የመግቢያ ቅጹን ብቻ ይሆናል፤ ፋይሉ ግን በስሙም በቀኑም የተሟላ ይመስላል። በመሆኑም የክፍያ ደረሰኝንና የማመልከቻ ማረጋገጫን ገጹ ከመዘጋቱ በፊት በእጅ ማስቀመጥ፣ የተቀመጠውንም ፋይል ወዲያው ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።