ቃታው ላይ የቀረች ጣት

ታሪክ ሲባል የንጉሥና የጦርነት ብቻ ይመስለናል። የመሣሪያም ታሪክ አለ እኮ ወዳጆቼ። ዛሬ ስለ ሚስማር ሽጉጥ ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በታመቀ አየር የሚሠራው የሚስማር ሽጉጥ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው በ1950 አካባቢ ነው። አናጺ በመዶሻ ደጋግሞ የሚመታውን ሚስማር በአንድ ምት ይሰድደዋል። የእንጨት ቤት በገፍ በሚሠራበት አገር መዶሻ የት ይወዳደረዋል!

ጣጣው ቃታው ላይ ነው። አንደኛው ዓይነት ቃታው ተስቦ ከተያዘ የሽጉጡ አፍ የነካው ሁሉ ላይ ይተኩሳል፤ እንጨት ይሁን የጓደኛ ጉልበት ለእሱ ልዩነት የለውም። ሲተኩስ ወደ ኋላ ይነጥርና ተመልሶ ሲነካ ሳይታሰብ ሁለተኛ ሚስማር ይጨምራል። ሌላኛው ዓይነት መጀመሪያ አፉ እንጨቱ ላይ ካልተጫነ፣ ቀጥሎም ቃታው ካልተሳበ አይተኩስም። ለሚቀጥለው ሚስማር ቃታውን ለቅቆ እንደገና መጀመር ነው።

ከ2001 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በዓመት በአማካይ 37,000 ያህል ሰው በዚህ መሣሪያ ተጎድቶ አሜሪካ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። ከጉዳቱ ከግማሽ በላይ እጅና ጣት ላይ ነው። ከ2003 ጀምሮ ትልልቆቹ ሽጉጦች ባለ ሁለተኛው ቃታ ሆነው እንዲሸጡ የሚል ደረጃ ወጣ፤ ግን ግዴታ አይደለም፣ በፈቃደኝነት ነው።

ለምን ግዴታ አልሆነም? «ሥራ ያዘገያል» የሚል ክርክር ሁሌም አለ። እኔን የገረመኝ ታዲያ ይሄ ነው፦ 10 የተካኑ አናጺዎች ተመሳሳይ መጋዘን በሁለቱም ቃታ እንዲሠሩ ተደርጎ ተለካ። ፈጣኑ ቃታ ሚስማር የመምቻውን ሰዓት በ10 በመቶ አሳጠረ። ከጠቅላላው የግንባታ ሰዓት ግን ልዩነቱ 1 በመቶ እንኳ አልሞላም! ፍጥነቱን የወሰነው ይበልጥ የሰውዬው እጅ ነበር። የአደጋው ዕድል ደግሞ በፈጣኑ ቃታ እጥፍ ነው። ለ1 በመቶ ጣት ማስያዝ ምን የሚሉት ንግድ ነው?

እነዚህን ቁጥሮች የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶቹ በ2011 ባወጡት መመሪያ ውስጥ ሰብስበዋቸዋል። ስለ ሕክምናም ያስጠነቅቃል። የሽጉጥ ሚስማር እንደ ተራ ሚስማር አይደለም፤ እርስ በርሱ በሙጫ፣ በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ተያይዞ ስለሚመጣ ቁርጥራጩ አብሮ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ጎኑም እሾህ ሊኖረው ይችላል። ሳይት ላይ በጉጠት ነቅሎ በጨርቅ ጠምጥሞ ወደ ሥራ የሚመለስ ሰው፣ ሲነቅለው ጅማቱንና ነርቩን ሁለተኛ ጊዜ ሊቀድ ይችላል። ሚስማሩን እንዳለ ትቶ ሐኪም ቤት መሄድ፣ ምን ዓይነት ሚስማር እንደሆነ ለሐኪሙ መናገርና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትን መጠየቅ ነው።